ሮበርት ሆሪ ለዝነኞች አዳራሽ ይገባዋልን?

1. መነሻ

ብዙ ሰዎች በኅብረት የሠሩት ሥራ ከተፈጸመ በኋላ ምስጋናው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ በደቦ አጨዳም፣ በዘመቻም፣ በትምህርት ቤትም የሚነሣ የቈየ ጥያቄ ነው። የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሚመች መስክ ነው፤ ምክንያቱም በሜዳው ላይ ከአንድ ወገን የሚሰለፉት አምስት ሰዎች ብቻ ስለ ሆኑ የእያንዳንዱ ሥራ ለዓይን ይታያል፤ የወረወረው፣ ያገባውና የሳተውም ሁሉ ተቈጥሮ በመዝገብ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ቈጠራ እያለ ግን በአሜሪካ ስለ አንድ ከጨዋታ የተሰናበተ ሰው የተነሣው ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ ሳይቋጭ ቈይቷል። ሰውዬው ሮበርት ሆሪ ነው።

ሆሪ በአሜሪካ የሙያተኞች የቅርጫት ኳስ ማኅበር፣ ማለት በኤን.ቢ.ኤ. ውስጥ፣ ከ1992 እስከ 2008 ድረስ 16 የውድድር ዘመን ተጫውቶ ሰባት ጊዜ የሻምፒዮንነት ቀለበት አግኝቷል። ስሙ በዓለም የታወቀው ማይክል ጆርዳን እንኳ ያገኘው ስድስት ነው። ይሁን እንጂ እስከ 2025 ድረስ የቅርጫት ኳስ ዝነኞች አዳራሽ ሆሪን አልተቀበለውም። ደጋፊዎቹ «ሰባት ጊዜ ያሸነፈ ሰው እንዴት ይቀራል?» ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹም «በአንድ ጨዋታ በአማካይ 7 ነጥብ ያስቈጠረ ሰው እንዴት ከታላላቆቹ ጋራ ይቀመጣል?» ብለው ይመልሳሉ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሁለቱ ወገኖች አብዝተው የሚጠቅሱት ማስረጃ ከሁሉ ደካማው መሆኑን ለማሳየትና ከዚያ የሚሻል መመዘኛ ለመፈለግ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

2. አዳራሹና የአመራረጡ ሥርዓት

የቅርጫት ኳስ የተጀመረው በ1891 መጨረሻ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የካናዳ ተወላጅ መምህር በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (በወወክማ) ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ ተማሮቹ በብርዱ ወራት በቤት ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ ቢያጣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጨዋታውን ፈለሰፈ። በእርሱ ስም የተሰየመው የዝነኞች አዳራሽም የመጀመሪያዎቹን ተሸላሚዎች የመረጠው በ1959 ሲሆን፣ ሕንፃው በዚያው ከተማ በ1968 ለሕዝብ ተከፈተ።

ስለ አመራረጡ ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፤ እጩው በሁለት ወንፊት ያልፋል። በመጀመሪያ ዘጠኝ አባሎች ያሉት ኮሚቴ ያየዋል፤ ከዘጠኙ ሰባቱ ከደገፉት ወደ መጨረሻው ዙር ይሻገራል። በዚያም 24 አባሎች ያሉት የክብር ኮሚቴ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ለመመረጥ 18 ድምፅ፣ ማለት ከአራት ሦስት እጅ፣ ማግኘት አለበት። የመራጮቹ ስምና የሰጡት ድምፅ ለሕዝብ አይገለጽም።

ሁለተኛ፤ ይህን ያህል ነጥብ ያስቈጠረ ወይም ይህን ያህል ዋንጫ ያነሣ ይግባ የሚል የተጻፈ ልክ የለም። ስለዚህ ልኩን የሚያበጁት ቀድሞ የገቡት ሰዎች ናቸው፤ ክርክሩም ሁሉ «እገሌ ከገባ እገሌ ለምን ይቀራል?» በሚል ንጽጽር ይካሄዳል።

ሦስተኛ፤ አዳራሹ የጨዋታው ሁሉ እንጂ የኤን.ቢ.ኤ. ብቻ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ፣ በኦሊምፒክና በውጭ አገር የተሠራ ሥራም ይቈጠራል፤ ሴቶችም፣ አሠልጣኞችም፣ ዳኞችም ይገቡበታል። ይህን የዘነጋ ሰው ቀጥሎ በምናቀርበው ንጽጽር በቀላሉ ይሳሳታል።

3. የሆሪ የጨዋታ ታሪክ ባጭሩ

ሆሪ በ1970 ተወለደ፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ከተጫወተ በኋላ በ1992 የሂዩስተን ሮኬትስ ቡድን በ11ኛ ተራ መርጦ ወሰደው። ከሂዩስተን ጋራ በ1994 እና በ1995፣ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋራ በ2000፣ በ2001 እና በ2002፣ ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ጋራ ደግሞ በ2005 እና በ2007 ሻምፒዮን ሆነ። ለፍጻሜ ሰባት ጊዜ ደርሶ ሰባቱንም ጊዜ አሸነፈ፤ በአንዱም አልተረታም።

በመደበኛው ውድድር 1,107 ጨዋታ ተጫውቶ በአማካይ 7.0 ነጥብ አስቈጥሯል፤ ከቅርጫቱ ነጥሮ የተመለሰ ኳስም በየጨዋታው 4.8 ጊዜ ይዟል። ከ48 ደቂቃ ጨዋታ እርሱ በሜዳ ላይ የሚቈየው በአማካይ 24 ደቂቃ ተኩል ያህል፣ ማለት ግማሹን ጊዜ ነበር። በጥሎ ማለፍ ውድድር 244 ጨዋታ ተጫውቷል፤ ይህም በተሰናበተ ጊዜ ከማንም የበለጠ ነበር። በየዓመቱ ምርጦቹ ለሚጠሩበት የኮከቦች ጨዋታ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም።

ጠባዩም ሁልጊዜ የተመሰገነ አልነበረም። በ1997 መጀመሪያ በፊኒክስ ሳለ በአሠልጣኙ ላይ ፎጣ ወርውሮ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ተለወጠ። በ2007 ደግሞ ስቲቭ ናሽን ገፍትሮ በመጣሉ ሁለት ጨዋታ ታገደ።

4. «ሰባት ቀለበት» ስለሚለው ማስረጃ

ደጋፊዎቹ አስቀድመው የሚያነሡት ቀለበቱን ነው። ነገሩ ከባድ መስሎ የሚታየው እንዲህ ሲቈጠር ነው፤ በማኅበሩ ታሪክ ሰባትና ከሰባት በላይ ሻምፒዮና ያገኙ ተጫዋቾች ዘጠኝ ናቸው። ከሆሪ በስተቀር ስምንቱ ሁሉ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የቦስተን ሴልቲክስ ቡድን አባሎች ነበሩ። ከዘጠኙ ውስጥ ወደ አዳራሹ ያልገቡት ሆሪና ጂም ሎስኮቶፍ ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ በቦስተኖቹ ዘመን የሚወዳደሩት ቡድኖች ከ8 እስከ 14 ነበሩ፤ በሆሪ ዘመን ግን ከ27 እስከ 30 ደርሰዋል።

እኛ ግን ቀለበቱ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም እንላለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው ሻምፒዮና የብዙ ሰዎች ሸክም ነው፤ ጌጡን ለአንዱ ብቻ ስንቈጥርለት ሸክሙንም እርሱ ብቻውን እንደ ተሸከመ አድርገን እንዳንናገር መጠንቀቅ አለብን። ሆሪ በሂዩስተን ከሐኪም ኦላጁዋን፣ በሎስ አንጀለስ ከሻኪል ኦኒልና ከኮቢ ብራያንት፣ በሳን አንቶኒዮ ከቲም ደንካን ጋራ ተጫውቷል። አራቱም ዛሬ በአዳራሹ ውስጥ ናቸው፤ የቡድኖቹም ምሰሶ እነርሱ እንደ ነበሩ የሚክድ የለም።

ዕድልም በዚህ ውስጥ ያላትን ድርሻ አንድ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በየካቲት 1994 ሂዩስተን ሆሪን ለዲትሮይት ሰጥቶ በምትኩ ሾን ኤሊየትን ለመውሰድ ተስማምቶ ነበር። ነገር ግን ኤሊየት በሐኪም ሲመረመር የኩላሊት ሕመም ስለ ተገኘበት ልውውጡ ፈረሰ፤ ሆሪም ወደ ሂዩስተን ተመለሰ። ከአራት ወር በኋላ ሂዩስተን ሻምፒዮን ሆነ። የሐኪሙ ምርመራ ውጤት ሌላ ቢሆን ኖሮ የዚያ ዓመት ቀለበት ለሆሪ ባልደረሰው ነበር፤ ችሎታው ግን ያው በሆነ ነበር።

በተቃራኒውም የቻርልስ ባርክሊ ነገር አለ። ባርክሊ በ1993 የማኅበሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመና በየጨዋታው 22.1 ነጥብ ያስቈጠረ ታላቅ ተጫዋች ሲሆን አንድም ሻምፒዮና ሳያገኝ ተሰናበተ። በ1996 ሂዩስተን ባርክሊን ከፊኒክስ ለማግኘት በምትኩ ከሰጣቸው አራት ተጫዋቾች አንዱ ሆሪ ነበር። ባርክሊ በ2006 ወደ አዳራሹ ሲገባ ቀለበት የለህም ብሎ የከለከለው የለም። ቀለበት ማጣት ካልከለከለ፣ ቀለበት ማግኘት ብቻውን ያስገባል ማለት አይቻልም።

5. «ሰባት ነጥብ» ስለሚለው ማስረጃ

የተቃዋሚዎቹ ማስረጃም ቢሆን ብዙ አያስኬድም፤ አዳራሹ ራሱ በሥራው አፍርሶታልና። ቤን ዋላስ በአማካይ 5.7 ነጥብ፣ ማለት ከሆሪ ያነሰ፣ አስቈጥሮ በ2021 ገብቷል። ዴኒስ ሮድማን በ7.3 ነጥብ በ2011 ገብቷል። ኬሲ ጆንስ በ7.4 ነጥብ በ1989 ገብቷል። ማይክል ኩፐር ደግሞ በ8.9 ነጥብ በ2024 ገብቷል። ስለዚህ ነጥብ ማነስ በራሱ በር አይዘጋም።

ሆኖም ከእነዚህ ሰዎች ጋራ የሚደረገው ንጽጽር ለሆሪ ደጋፊዎች የሚመስላቸውን ያህል አይረዳቸውም። ዋላስ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ አራት ጊዜ ተሸልሟል። ሮድማን ሁለት ጊዜ በተከላካይነት ከመሸለሙም በላይ፣ ነጥሮ የተመለሰ ኳስ በመያዝ ሰባት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ሆኗል። ኬሲ ጆንስ በቦስተን ካገኘው ስምንት ሻምፒዮና ሌላ፣ ከቢል ራስል ጋራ ሆኖ ለሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ በ1955 እና በ1956 የአሜሪካን የኮሌጆች ሻምፒዮና አስገኝቷል፤ በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክም ወርቅ አግኝቷል። አዳራሹ የጨዋታው ሁሉ ነው ያልነው እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ለሆሪ ይበልጥ የሚቀርበው ኩፐር ነው። ኩፐርም እንደ ሆሪ ለኮከቦች ጨዋታ ተጠርቶ አያውቅም፤ እርሱም ከታላላቅ ሰዎች ጋራ ሆኖ አምስት ሻምፒዮና ያገኘ ረዳት ነበር። ነገር ግን በ1987 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሏል፤ ከምርጥ ተከላካዮች ቡድን ውስጥም ስምንት ጊዜ ተመርጧል። እንዲህም ሆኖ ከተሰናበተ በኋላ 34 ዓመት ጠብቋል። ልዩነቱ እንግዲህ ከነጥቡ ላይ አይደለም፤ ኩፐር በዘመኑ የነበሩ እማኞች በጽሑፍ የመሰከሩለት ሥራ አለው። ለሆሪ የተሰጠው ምስክርነት በ1993 ከአዲስ ገቦች ሁለተኛ ምርጥ ቡድን ውስጥ መመረጡ ነው።

6. ስለ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች

ሆሪን «ቢግ ሾት ቦብ» ያሰኘው፣ ማለት በጭንቅ ሰዓት ታላቁን ውርወራ የሚወረውር ያሰኘው ነገር ሌላ ነው። ከብዙዎቹ ሁለቱን እንጠቅሳለን።

በግንቦት 26 ቀን 2002 ሎስ አንጀለስ ከሳክራሜንቶ ጋራ ባደረገው አራተኛ ግጥሚያ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ በግጥሚያዎቹ ድምር 3 ለ 1 ይመራ ነበር። በጨዋታውም 24 ነጥብ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ውጤቱ 99 ለ 97 ሆኖ ሳለ ብራያንት ወርውሮ ሳተ፤ ኦኒልም ሳተ። የሳክራሜንቶው ቭላዲ ዲቫትስ ኳሱን ከቅርጫቱ ሥር ለማራቅ ወደ ውጭ ሲመታው ኳሱ ከሦስት ነጥቡ መስመር በስተኋላ ለቆመው ለሆሪ ደረሰ። ሰዓቱ ሲያበቃ የሆሪ ውርወራ ገባ፤ ሎስ አንጀለስም 100 ለ 99 አሸነፈ። ቡድኑ በሰባተኛው ግጥሚያ አልፎ በኋላ ሻምፒዮን ሆነ።

በሰኔ 2005 ሳን አንቶኒዮና ዲትሮይት በፍጻሜው ሁለት ለሁለት ሆነው አምስተኛውን ግጥሚያ አደረጉ። ከተጠባባቂ ወንበር የተነሣው ሆሪ በዚያ ሌሊት 21 ነጥብ አስቈጠረ። በተጨማሪው ሰዓት ማብቂያ ላይ ኳሱን ለማኑ ጂኖቢሊ አቀበለ፤ ሆሪን ይጠብቅ የነበረው ራሺድ ዋላስ ጂኖቢሊን ለመክበብ ሲሄድ ኳሱ ወደ ሆሪ ተመለሰ፤ 5.8 ሰከንድ ሲቀር የወረወረው ሦስት ነጥብ ገብቶ ሳን አንቶኒዮ 96 ለ 95 አሸነፈ።

እነዚህን ያነበበ ሰው ክርክሩ አልቋል ሊል ይችላል። ነገር ግን ተመራማሪ የሆነ ሰው የገባውን ብቻ ሳይሆን የሳተውንም መቍጠር አለበት። በ2003 ጥሎ ማለፍ ውድድር ሆሪ 38 ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ወርውሮ ያገባው ሁለቱን ብቻ ነው። ሎስ አንጀለስ በሳን አንቶኒዮ ሲሸነፍ በአምስተኛው ግጥሚያ መጨረሻ የወረወረው ኳስ የቅርጫቱን አፍ ዞሮ ወጣ፤ ጨዋታውም 96 ለ 94 ተፈጸመ። ይህች ውርወራ ገብታ ቢሆን ኖሮ ከሌሎቹ ጋራ ትዘመር ነበር። በጠቅላላው ሲታይ ከሦስት ነጥብ መስመር በመደበኛው ውድድር ከመቶ 34.1፣ በጥሎ ማለፍ ደግሞ ከመቶ 35.9 አግብቷል። ልዩነቱ ለበጎ ነው፤ ግን ጥቂት ነው። የሰው ትዝታ የገባውን ሲያከማች የሳተውን ይጥላል፤ ስለዚህ ሁለት ወይም አምስት ውርወራ የ16 ዓመት ሥራ ሚዛን ሊሆን አይችልም።

ለፍርድ ያህል ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ያ ሁሉ ከሳተ በኋላ እንኳ አሠልጣኞቹ በጭንቅ ሰዓት ከሜዳ አላወጡትም፤ እርሱም ከመወርወር አልሸሸም። በ2003 ያሸነፈው የሳን አንቶኒዮ ቡድን በዚያው ዓመት ራሱ ወሰደው። ከሜዳው ጠርዝ ሆነው በየቀኑ የሚያዩት ሰዎች ያመኑት ሰው መሆኑ ቀላል ምስክርነት አይደለም።

7. በመዝገብ ስለማይጻፈው ሥራ

ከሁሉ የሚጠነክረው የሆሪ ማስረጃ በእኛ አስተያየት ብዙ የማይነገርለት ነው። በየካቲት 1995 ሂዩስተን ኦቲስ ቶርፕን ሰጥቶ ክላይድ ድሬክስለርን ወሰደ። ቶርፕ በቅርጫቱ አጠገብ የሚታገል ጠንካራ ሰው ነበር። በእርሱ ቦታ ሆሪ ሲገባ፣ እንደ ልማዱ ቅርጫቱ ሥር በመቆም ፈንታ በሦስት ነጥቡ መስመር ላይ ቆመ። የሚጠብቀውም ረጅም ተከላካይ ተከትሎት ወደ ውጭ መውጣት ግድ ሆነበት፤ ትቶት ከቀረ ሆሪ ይወረውራል። እንዲህም በቅርጫቱ ሥር ቦታው ሲሰፋ ኦላጁዋን አንድ ለአንድ እየገጠመ እንደ ልቡ ተጫወተ።

በዚያ ዓመት ፍጻሜ ሂዩስተን ኦርላንዶን 4 ለ 0 ሲረታ ሆሪ በአማካይ 17.8 ነጥብ አስቈጠረ፤ በሁለተኛው ግጥሚያም ሰባት ኳስ በመቀማት በፍጻሜ ጨዋታ አዲስ ክብረ ወሰን አቆመ። ረጅሙን ሰው ወደ ውጭ አውጥቶ ቦታ የማስፋት ዘዴ ዛሬ በብዙ ቡድኖች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። በርግጥ ሆሪ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የዲትሮይቱ ቢል ላምቢር በ1989 እና በ1990 ሻምፒዮን ሲሆን ከሩቅ ይወረውር ነበር። የመስመሩም ርቀት ከ1994 ጀምሮ ለሦስት የውድድር ዘመን አጥሮ ስለ ነበር ውርወራው ቀልሎ ነበር። ቢሆንም በመዝገቡ ላይ «ቦታ አሰፋ» የሚል ዓምድ የለም። ኦላጁዋን ሲያገባ ነጥቡ ለኦላጁዋን ይጻፋል፤ ተከላካዩን ይዞ የሄደው ሰው ስም አይጻፍም። መዝገቡ ኳሱን የያዘውን እጅ ይከተላልና።

8. ፍርድ

ከዚህ በላይ ከተባለው የምንቀበለው መመዘኛ ይህ ነው። ለረዳት ተጫዋች ልንጠይቀው የሚገባን ስንት ቀለበት አለው፣ ስንት ነጥብ አለው ሳይሆን ሦስት ነገር ነው፤ ሥራው ለቡድኑ ድል ያስፈለገ ነበርን? ሥራውን ለብዙ ዘመን ከእኩዮቹ አብልጦ ሠርቷልን? በዘመኑ የነበሩ ዐዋቂዎችስ መስክረውለታልን? ኩፐር ሦስቱንም ያሟላል። ሆሪ የመጀመሪያውን ያለ ጥርጥር ያሟላል። ሁለተኛውን ግን በ1995፣ በ2002 እና በ2005 ከማሳየት በቀር ዓመት ከዓመት እንዳሟላ ማስረጃ አላገኘንም፤ የሦስተኛውም ማስረጃ ቀጭን ነው። ስለዚህ እስካሁን በቀረበው ማስረጃ ሆሪ ለአዳራሹ ይገባዋል ለማለት አንደፍርም።

ይሁን እንጂ በዚህ ፍርድ ላይ ሁለት ነገር እንጨምራለን። አንደኛው፤ አዳራሹ ድምፁን በምስጢር መያዙ ጉዳት አለው። አንድ ሰው የቀረው ነጥቡ አንሶ ነው ወይስ ምስክር አጥቶ ነው የሚለው ካልታወቀ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ረዳቶች በምን እንደሚለኩ አያውቁም። ምክንያቱ ቢጻፍ የተሸነፈው ወገን እንኳ ይማርበታል።

ሁለተኛው፤ የጨዋታው ሁሉ ክብር አንድ ነገር ነው፤ የቡድን ምስጋና ሌላ ነው። ሰባት ሻምፒዮና አግኝቶ ከአዳራሹ ውጭ የቀረው ሎስኮቶፍ በቦስተን አልተረሳም። ቡድኑ የክብር ተጫዋቾቹን ቍጥር ከአገልግሎት ሲያወጣ፣ ሎስኮቶፍ 18 ቍጥሩ ለሌላ ሰው እንዲተው ስለ ፈቀደ በቍጥሩ ፈንታ «ሎስኪ» የሚለው ቅጽል ስሙ ተጽፎ በሜዳው ጣራ ላይ ተሰቀለለት። ያንኑ 18 ቍጥር በኋላ የለበሰው ዴቭ ካውንስ በ1991 ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገባ። ረዳት በእውነት ምን ያህል እንደ ረዳ አብሮት የደከመው ቡድን ከሩቅ መራጭ ይልቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ለእንደ ሆሪ ያለ ሰው የመጀመሪያው ዕዳ ያለው በስፕሪንግፊልድ ሳይሆን በሂዩስተን፣ በሎስ አንጀለስና በሳን አንቶኒዮ ነው።

ከአንባብያን መካከል በሁለተኛውና በሦስተኛው መመዘኛ ላይ እኛ ያላየነውን ማስረጃ የሚያቀርብ ቢኖር፣ ክርክሩ በዚሁ መጽሔት እንዲቀጥል ደስታችን ነው።